የጽድ ኮርኒስ

ዳንግላ ውስጥ የማስተምርበት ክፍል እኔ ራሴ የተማርኩበት ነው። በንጉሡ ዘመን በጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ያህላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆንም ከሥሩ የጽድ ጣውላ ኮርኒስ ነበረው። ልጆች ሳለን የክረምቱ ዝናብ ምንም ያህል ቢወርድ ከመምህራችን አንዲት ቃል አታመልጠንም ነበር።

አምና የእድሳት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮርኒሱ አርጅቷል፣ የሌሊት ወፍ ሰፍሮበታል ተባለና ከየክፍሉ ተነቅሎ ወረደ። ወፉን አባሩ እንጂ ጣውላው ምን አደረጋችሁ ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ! ጭራሽ ያን የመሰለ ድንጋይ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። አሁን ዝናብ ሲጀምር ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚደፉብን ይመስላል። እኔ አፌን ዘግቼ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ይኼ ማስተማር ነው?

ለእድሳቱ ምረቃ አንድ ባለሥልጣን ከእንጅባራ መጡ። እኔ ክፍል ውስጥ ቆመው ንግግራቸውን እንደ ጀመሩ ዝናቡ ወረደ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ የሚሉትን የሰማ የለም። እሰይ አልኩ በልቤ፤ አሁንስ ይገባቸዋል! ርዕሰ መምህሩ ግን ሮጥ ሮጥ ብሎ ሁላችንንም ወደ ቢሮው አስገባን። የእሱን ኮርኒስ ማንም አልነካውም። ባለሥልጣኑ እዚያ ተረጋግተው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ክፍሎቹ በጣም አምሮባቸዋል» አሉን። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ተሰማችን።