የራዲያተር ሠሪው መዳፍ

እውነተኛ ስሙን ጋራዥ ሰፈር ውስጥ የሚያውቅለት የለም። ሥራውን ሲለምድ ራዲያተር በከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት አንገቱንና ክንዱን ይልጠው ስለነበር እንፋሎት አሉት፤ እንፋሎት ሆኖ ቀረ። ጠባዩም ቢሆን ከስሙ አይሻልም። በረባ ባልረባው ይገነፍላል። ደንበኛ «ቶሎ አይደርስልኝም?» ካለው «እንግዲያው ተሸክመኸው ሂዳ!» ብሎ ጀርባውን ይሰጠዋል።

መዳፉ ላይ ግን ቀልድ የለም። ኮፈኑ ላይ ጣል ያደርገውና «ገና ነው፣ እንዳትነካው» ካለ ገና ነው፤ «በርዷል፣ ክፈተው» ካለም በርዷል። የፈላ ራዲያተር ክዳን ያለጊዜው የከፈተ ሰው ፊቱን ይዞ ነው ወደ ሐኪም የሚሮጠው። ስለዚህ የሰፈሩ ሾፌር ሁሉ ስድቡን እየዋጠ ይመጣል፤ ፊቱን ለዚያ መዳፍ አደራ ሰጥቷላ።

አንድ ሴት ልጅ አለችው፤ ታክሲ ነጂ ናት። ታክሲው ያረጀ የቤንዚን መኪና ሲሆን በእሱ ስም ነው። ዳገት ባየ ቁጥር ይፈላል። አባት ይጠግናል፣ ልጅ ትነዳለች፣ እንደገና ይፈላል። እሱ ይህን ኑሮ ይለዋል፤ እሷ ግን ተሳፋሪ መንገድ ላይ እያወረደች ይቅርታ መጠየቅ አንገሽግሿታል። አንድ ደመናማ ጠዋት፣ ሻጩ ለሙከራ የሰጣትን የኤሌክትሪክ መኪና እየነዳች አባቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ፊቱን አጨማዶ።

«የኤሌክትሪክ መኪና ነዋ አባዬ። ታክሲውን ሸጠን ይሄንን እንግዛ።»

«ድምፁስ?»

«ድምፅ የለውም።»

«በቁሙ የሞተ ነዋ! ነፍስ ይማር በይው!»

የመኪና ጭስ ማውጫ የሚበይደው ጎረቤቱ፣ ማርሚታ በያጁ፣ ከት ብሎ ሳቀ። ልጅቱ አብራ ሳቀችና እጁን ያዝ አድርጋ፣ «ስማኝማ አባዬ» አለችው። «ታክሲው ላይ ከምቀዳው ከአስር ሊትር ቤንዚን ሰባቱ ሙቀት ሆኖ ነው የሚጠፋው፣ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው። ጎማ የምታዞረው የቀረችው ናት። ይሄኛው ከሞላሁበት አብዛኛውን ጎማው ላይ ያደርሰዋል። ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል።»

«ጠፋ ነው የምትይኝ? አንቺን ያሳደገሽ ያ ሙቀት ነው እኮ!»

«እሱማ ልክ ነህ። ዕድሜ ልክህን ስትጠግን የኖርከው የሚባክነውን ነው።»

ምን አናገራት! ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች፤ ክፉ አስባ አልነበረም። እሱ ግን ደሙ ፈላ። የገዛ ልጁ፣ ያውም ማርሚታ በያጁ እየሰማ፣ ዕድሜህ ባከነ ያለችው መሰለው። እጁን መንጭቆ አስለቀቃት።

«ሞተር ከሠራ ይሞቃል!» ብሎ ጮኸ። «ሰው እንኳ ሲሠራ ያልበዋል! የማይሞቅ ነገር ሰነፍ ነው፣ አስመሳይ ነው! በይ እኛን ጭነሽ ዳገቱን ውጪ። ኮፈኑ ሳይሞቅ ከቀረ ታክሲውን ሽጪው፣ እፈርማለሁ። ከሞቀ ግን የዚህን ነገር ስም ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ!»

«ዳኛው ማን ይሁን?» አለ ማርሚታ በያጁ።

«አባዬ ነዋ» አለች ልጅቱ ቶሎ ብላ። «ከሱ መዳፍ ወዲያ ማንን ላምን ነው?»

ወጡ። ሁለቱ ወንዶች ከኋላ ተቀምጠው ዳገቱን እስኪጨርሱ መኪናውን ሲያሙት ነበር፤ ወንበሩ ጠበበ፣ ሽታው የፕላስቲክ ነው፣ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው። ታክሲው እያቃሰተ በሚቆምበት ጠመዝማዛ ላይ እንፋሎት አንገቱን አስግጎ የሚጮህ ነገር ጠበቀ። ምንም የለም። መኪናው ወጣ፣ አለቀ።

ጫፉ ላይ ወርዶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። አላመነም፤ ኮፈኑን አስከፍቶ ውስጡን በረበረ። ታች አንድ ራዲያተር አገኘና «ይኸው! እሱም አለው!» ብሎ እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ነካው። ለብ ብሏል፣ ያውም በመከራ።

ያኔ ሱቁ ተዘግቶ፣ መበየጃው ዝጎ፣ ሾፌሮች ሳይቆሙ እያለፉት ታየው። ከዚያ ሁሉ ሾፌር ይልቅ ደግሞ ልጁ ላይ ተናደደ። እሷ ናት ይህን ጉድ ደጁ ድረስ ያመጣችበት። እጁን እንደተቃጠለ ሰው ነጠቀና፣ «ኡፍፍ! ይፋጃል! ኮፈኑም እንደዚሁ!» አለ።

ማርሚታ በያጁ ጎንበስ ብሎ ነካ። እሱስ ቢሆን ማርሚታ የሌለው መኪና ምኑ ነው? «ኧረ እሳት ነው!» አለ፣ ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ።

ልጅቱ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ኮፈኑን ዘግታ ጉንጯን ለጠፈችበት። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ የቀላ ነገር አልነበረም።

«እሺ» አለች። «ቃሌ ቃል ነው።»

ብትሳደብ በወደደ፤ ስድብ ይችልበታል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የባትሪው መጠን እሷ እንዳለችው እያደገ ሲሄድ አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በማግስቱ ልጅቱ አሮጌውን ታክሲ አስነስታ ሥራ ገባች። እሱ ማሸነፉን ለሰፈሩ ሁሉ አወራ፤ ማርሚታ በያጁም ባወራ ቁጥር «እውነቱን ነው» ይላል፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

ሳምንታት አልፈው አንድ ቀትር ላይ ታክሲው እንደ ልማዱ ፈልቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ኋላ የታመመ ሰው ተሳፍሯል፤ ሚስቱ «እባክሽ እህቴ፣ ሐኪሙ ይሄድብናል» እያለች ትለምናለች። ልጅቱ ኮፈኑን አንስታ ቆመች። እንፋሎት ሥራውን ጥሎ ወጣና እስኪበርድ ጠበቀ። ሲበቃው መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አኖረ። እውነትም በርዶ ነበር።

«በርዷል፣ ክፈቺው» አላት።

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። ድሮ እሱ ክፈቺ ካላት ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትከፍተው።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።

«ሰውየው ታሟል እኮ! እኔ በርዷል እያልኩሽ?»

«አንተ ስላልከኝ ነው» አለችና ከመኪናው ራቅ ብላ ቆመች።