የአባባ ተራ የደረሰ ዕለት

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። የጅቡቲን የሙቀት ወራት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ዓይነት ክፉ ልጅ ነበረች» ይል ይሆናል፤ ያኔ መብራት ጠፋ ማለት ማራገቢያው ቆመ፣ የፍሪጁ ውሃ ሞቀ፣ እማና አባቴ በትንሽ በትልቁ መነጫነጭ ጀመሩ ማለት ነበርና። ለኔ ግን ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለው ጠባብ ቤታችን ባንድ ጊዜ ተገልብጦ ደጅ ወጣ ማለት ነበር። ሰሌኑ ይወጣል፣ ትራሶቹ ይወጣሉ፣ ፋኖሱ ይወጣል፣ በመጨረሻም አባባ ከነወንበሩ ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ አንድ የመናዊ ዓሣ የሚጠብስበት የሸክላ ምድጃ ነበረው፤ ክዳኑን ባነሳ ቁጥር ፍሙ የሁላችንንም ፊት ያቀላውና መልሶ ሲከድነው ደግሞ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ እንጠፋለን። የዓሣው ጭስ፣ ከወደቡ በኩል የሚመጣው የጨውና የናፍጣ ሽታ፣ የፋኖሱ ጋዝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ተረት የሚባል ነገር ለኔ የሚሸተኝ እንዲህ ነው።

አባባ የአባቴ አባት ነው። «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ባለጌ እንዳልባል፤ የድሬዳዋ ሰዎች ነን፣ አንቱታ ላይ ብዙም አንበረታም። ዕድሜውን ሙሉ ከተሳቢ መኪና መሪ ሳይወርድ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለውን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲያውቅ ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክም ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው ልጁ ቤት፣ ማለትም እኛ ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ያመጣው አንድ ሻንጣና ተረቶቹን ብቻ ነበር።

ተረቶቹ እንደ ሌላ ሰው ተረት አልነበሩም። ንጉሥ የለባቸውም። ጅብ አንዳንዴ ብቅ ይልና ማንንም ሳይበላ ይሄዳል። ያለው መንገድና መንገደኛ ብቻ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ተረት ነበረው፤ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ።

«አንድ ሰው ጨው ጭኖ ከአሳል ሐይቅ ሲወጣ ታሞ ሜዳ ላይ ወደቀ። ዛፍ የለ፣ ቋጥኝ የለ። ከወዲያ በኩል የማያውቀው መንገደኛ መጣ። ውሃ እንዳይሰጠው የሱም አልቋል። ተሸክሞት እንዳይሄድ አቅም የለውም። ታዲያ ምን አደረገ? ጥላው በሽተኛው ፊት ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ቆመ። ፀሐይዋ ስትዞር አብሮ እየዞረ፣ እስክትጠልቅ ድረስ ቆመለት።»

እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል። ፍሙ ድንገት ሲደምቅ ጉንጩ ላይ እንባ አያለሁ፤ እኔም በሱ ፈንታ አፍራለሁ። ራሱ በፈጠረው ተረት የሚያለቅስ አዋቂ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

«ዘመዱ ነው?» እለዋለሁ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ቆመለት?»

«ፀሐይ ነበራ!» ይለኛል፤ እንዴት ይሄ አይገባሽም በሚል ድምፅ።

አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው የአባባ ሐሳብ መንገድ መሳት የጀመረው። መጀመሪያ የጎረቤቶቻችን ስም ጠፋው፤ ከዚያ ቀኑ፤ ከዚያ ደግሞ ሾፌርነቱን ያቆመ መሆኑ። በቀን አሥሬ ብድግ ይልና «መኪናዬ ተጫነ? ተራዬ ደረሰ?» ይላል። ወደብ ላይ የሚጭን ሾፌር ተራ ይጠብቃል፤ አንዳንዴ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ቀናት ይቆጥራል፤ ተጠርቶ ካልተገኘ ደግሞ ሌላው ያልፈውና እንደገና ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል። ስለዚህ ተራ ማለት ለአባባ ቀላል ነገር አልነበረም። እማ መላውን አገኘችው። «አባ፣ ተራህ ነገ ነው» አለችው አንድ ቀን፤ እሱም «እሺ እንግዲህ፣ አረፍ ብዬ ልደር» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ይህ መልስ እንደ መድኃኒት ሆነ። ሁላችንም፣ ትንሹ ወንድሜ ሳይቀር፣ «ተራህ ነገ ነው» ማለትን ለመድን።

እኔ ግን ሰለቸኝ። አሁን ስጽፈው ያመኛል እንጂ፣ ያኔ በቃ ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ምሽት ያንን የጥላውን ተረት ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ሦስቴም አለቀሰ። በሦስተኛው «ውሸት ነው!» አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ። «ለማያውቀው ሰው እንደዚህ የሚሆን የለም።» የመናዊው ምድጃውን ሲከድነው የአባባ ፊት ጠፋብኝ፤ ምን እንደመሰለ አላየሁም።

በማግስቱ ነው። ቀኑ ጋለ፤ አሸዋ የሚያዘንበው የበረሃ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ይነፍስ ነበር። እኩለ ቀን ሲያልፍ ጫት ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ያኔ ከተማው ለጥቂት ደቂቃ ይንጫጫና ሁሉም የጫት እስሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ፀሐይ ብቻ ትቀራለች። እማ ተኝታለች፣ አባቴ ሱቁ ውስጥ አረፍ ብሏል። አባባን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። በሩ ሥር ተቀምጬ የትምህርት ቤቱን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አነባለሁ።

«ተራዬ ደረሰ?» አለኝ።

«ነገ ነው።»

አራት ጊዜ ጠየቀኝ፣ አራት ጊዜ መለስኩ። በአምስተኛው ከመጽሐፉ ቀና እንኳ ሳልል «አዎ፣ ዛሬ ነው ተራህ! ሂድ!» አልኩት።

ወደ ጓዳ ሲገባ ሰማሁ፤ ተኛ ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ውሃ ልጠጣ ስነሳ የጓሮው በር ተከፍቶ ነፋሱ ያማታዋል። ጫማው የለም። ኮፍያው ግን ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

በዚያ ሰዓት ራሱን ያልሸፈነ ሽማግሌ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ጅቡቲ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በየዓመቱ እንሰማለን። እማን ሳልቀሰቅስ ሮጥኩ፤ መቀስቀስ ማለት ያልኩትን መናገር ነውና ፈራሁ።

ሁለት መንገድ አልፌ ጥግ ላይ አንዲት ጫት ሻጭ አገኘሁ። አላውቃትም፤ አታውቀኝም። ወፍራም ሶማሊት ናት፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣለች። እያለከለክሁ ጠየቅኋት።

«ሽማግሌ? ነጭ ሽርጥ?» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «መጣ። ወደብ ወደብ ይላል። ‹አዎዌ፣ አያት፣ ተቀመጥ› አልኩት፤ እምቢ። ውሃ ሰጠሁት። ራሱ እሳት ነው! ጆንያዬን ነክሬ አለበስኩት። ሚኒባስ ቆመ፣ ገባ፣ ሄደ።»

ጫቷን አየሁት። ጫት በእርጥብ ጆንያ ካልተሸፈነ አንድ ሰዓት አይቆይም፤ የሷ ግን ራቁቱን ተዘርግቶ ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል። ጆንያው አያቴ ራስ ላይ ነው። እሷ ግን ጫቷን ትታ መሀል መንገድ ገብታ ቆመችና ያ ሚኒባስ ሲመለስ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። «የአዎዌ ልጅ ናት!» ብላ ለሾፌሩ ጮኸችና አሳፈረችኝ።

ሾፌሩ አርሂባ ሰፈር የሚኖር አፋር እንደሆነ የነገረኝ ራሱ ነው፤ እንዳልፈራ ይመስለኛል ሙሉውን መንገድ ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ ሲያወራልኝ የነበረው። አባባ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር አለኝ። ከኋላ የነበረች እናት ሕፃኗን እቅፏ ላይ አስተኝታ በማራገቢያዋ እሱን ስታራግብ ሄደች። የት እንደሚወርድ ሲጠይቀው «ተራ የሚጠበቅበት» ስላለው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሳቢዎቹ የሚሰለፉበት ሜዳ አደረሰው። «ብቻውን መልቀቅ ከበደኝ» አለኝ። «አንድ ሐበሻ ሾፌር ጠርቼ እጁን አስያዝኩት።»

ሜዳው በነፋሱ አቧራ ተሸፍኖ ነበር፤ መኪኖቹ በአቧራው ውስጥ ሲታዩ መሬት ላይ የቆሙ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ሾፌሮቹ ተሳቢዎቻቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ። በየመኪናው ሥር እያጎነበስኩ ሄድኩ። ከአንዱ ሥር የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ።

«…ጥላው ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ቆመ።»

አባባ ፍራሽ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ራሱ ላይ እርጥብ ጆንያ፣ እጁ ላይ ውሃ። ፊት ለፊቱ የአዲስ አበባ ሰው የሚመስል፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሾፌር እግሩን አጣጥፎ ያዳምጠዋል፤ እያዳመጠም ጆንያው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጋል።

«አይዞሽ እህቴ፣ ደህና ናቸው» አለኝ ሲያየኝ። «መጀመሪያ ትንሽ አቃዥቷቸው ነበር። አሁን እየተጫወትን ነው።»

ከአባባ ጎን ተንበረከክኩ። ከዚያ ቀና ስል አየሁት፤ ከዚህ መኪና ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከኋላው ያሉት እየዞሩት ያልፋሉ። የነጂ ቤት ልጅ ነኝና ይህ ምን እንደሆነ አላጣሁትም።

«ተራህስ?» አልኩት ሾፌሩን።

«የኔ ተራ? ነገ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ወዲያው አንድ ሌላ ሾፌር ከጎናችን ሲያልፍ በመስኮቱ ብቅ አለና «አንተ ሰውዬ! ሁለቴ ጠርተውህ ዝም? አበድክ እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። እሱ እጁን አወዛወዘለት፣ እለፍ እንደማለት። ወደ እኔ ዞሮም «እንዴት ትቻቸው ልሂድ?» አለኝ በቀስታ፣ ጥፋተኛ ይመስል። «ለማን ሰጥቻቸው?»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። አባባ በመገኘቱ ይመስለው ነበር ሾፌሩ፤ እኔ ግን ያለቀስኩት ትናንት ማታ «ውሸት ነው» ብዬ ስለነበር ነው። ስንት ቀን አቧራ ላይ ተኝቶ የጠበቀውን ተራ ለማያውቀው ሽማግሌ የሰጠ ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ ጆንያ ያረጥባል። ስሙን አልጠየቅኩትም። የዚያን ዕለት ከሠራሁት ስህተት ሁሉ ሁለተኛው ትልቁ ይህ ነው፤ በማግስቱ ከአባቴ ጋር ስንመለስ ቦታው ላይ ሌላ መኪና ቆሞበት ነበር።

አባባ ቀስ ብሎ ተነሳና አየኝ። ዓይኖቹ ፊቴ ላይ ብዙ ቆዩ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ሾፌሩ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ እስከዚያ ቀን የኔ ስም ጠፍቶበት አያውቅም ነበር። «ያንተ» ልል አፌ ላይ ደረሰ። ግን ፊቱ ላይ ጭንቀት አየሁ፤ ልጁን አለማወቁን ብነግረው የሚፈራ መሰለኝ።

«ቤትህን አውቀዋለሁ» አልኩት። «ላድርስህ?»

«አላህ ይስጥሽ» አለኝ፤ እጁንም ሰጠኝ።

አፋሩ ሾፌር እየጠበቀን ነበርና መለሰን። መንገዱን ሙሉ አባባ እጄን ይዞ ይመርቀኝ ነበር፤ ደጃችን ስንደርስ ደግሞ አልለቅሽም አለኝ። «ውሃ ሳትጠጪማ አትሄጂም። ቤቴ ይኸው ነው፣ ግቢ።» እማ ሻሿን ግማሽ አስራ ልትሮጥ ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኘን፤ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና የቃላት ጎርፏን ዋጠችው። አባባ ራሱ ቀድቶ ሰጠኝ፤ እኔም በገዛ ቤቴ ወንበር ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ጠጣሁ። ያልኩትን ለእማ የነገርኳት ማታ ነው። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻል ነበር። ጆንያውን አጥባ በማግስቱ እንድመልስ ላከችኝ፤ ጫት ሻጯም ተቀብላኝ ውሃ ውስጥ ነክራ ጫቷ ላይ ጣል አደረገችውና ከደንበኛዋ ጋር ወሬዋን ቀጠለች።

አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፣ የአባባ የእንባ በሽታም ወደ እኔ ተላልፏል። በረመዳን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጆች መንገድ ዳር ቆመው ቤቱ ሳይደርስ ለመሸበት ሾፌር ሁሉ ቴምርና ውሃ በመስኮት ሲያቀብሉ ፊቴን አዞራለሁ። ባለቤቴ «ጀመራት» ይላል። አያፍርብኝም፣ ይስቅብኛል እንጂ።

አባባ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። እኔን ያወቀበት ቀን ጥቂት ነው። በመጀመሪያ «ሰሚራ ነኝ፣ የልጅ ልጅህ» እለው ነበር፤ ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይለኛል፣ ያለቅሳል። ስለዚህ ተውኩት። ሾርባ የምታመጣለት፣ ጥፍሩን የምትቆርጥለት፣ ተረቱን ለመቶኛ ጊዜ እንደ አዲስ የምትሰማለት የማያውቃት ልጅ ሆንኩለት፤ እሱም በየቀኑ እንደ አዲስ ይደነቅብኝ ነበር። የልጅ ልጁ ሆኜ እንደዚያ ተደንቆብኝ አያውቅም።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አልጋው አጠገብ ፋኖስ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ብዙ አየኝና እጄን ጨበጥ አደረገ።

«መሽቷል እኮ የኔ ልጅ» አለኝ። «ቤተሰቦችሽ ይጨነቃሉ። በቃ ሂጂ፣ ደክመሻል።»

«አይጨነቁም፣ አባባ» አልኩት። «ቤቴ ቅርብ ነው።»