የቀሪዎች አጎት

እናቱ ሴት ልጅ አልወለደችም፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን የእህት ልጅ አጥቶ አያውቅም። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ከክፍል የቀረ ተማሪ «ወላጅ አምጣ» የተባለ እንደሆነ፣ እናት አባቱ ሳይሰሙ በቀጥታ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። እሱም ሽርጡን ያወልቃል፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮት ይደርባል፣ ግማሽ ፊቱ የተላጨውን ደንበኛ «መጣሁ!» ብሎ ጥሎት ይሄዳል።

ለዚህ ውለታው ሰባራ ሳንቲም አይቀበልም። ሆደ ቡቡ ነኝ ይላል። ውሸቱን ነው፤ ትወናው ስለሚጥመው ነው። ቢሮ ገብቶ «የእህቴ ልጅ፣ አንገቴን አስደፋኸኝ!» እያለ ጭኑን ሲመታ፣ ምክትል ዳይሬክተሯ ራሷ «ኧረ ይብቃዎት፣ ልጁን አሳቀቁት» ብላ ትለምነዋለች።

የራሱ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ጎበዝ ናት፣ ቀርታም አታውቅ፤ ስለዚህ ለእሷ ብሎ የትምህርት ቤቱን ደፍ ረግጦ አያውቅም። በወላጆች ቀን እንኳ ና ስትለው «አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» ይላታል። ያን ቀን ደንበኛ ይበዛበታል።

አንድ ማለዳ ታዲያ አንዱን ጎረምሳ እየገሠጸ ቢሮ ሲገባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው የገዛ ልጁ ነች። ጭኑን ሊመታ ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ይቺን ይዩልኝ» አለችው ምክትል ዳይሬክተሯ። «ቀርታ የማታውቅ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ጠፍታ ሰነበተች። አባትሽን አምጪ ስላት ‹አይመጣም› ትለኛለች። ዛሬ ካልመጣ ፈተና አትቀመጥም።»

ፀጉር አስተካካዩ ያነሳውን እጁን አወረደ። ቢናገር ጉዱ ሊፈላ ነው፤ ዝም ቢል ልጁ ከፈተና መቅረቷ ነው።

«አባቷ እኔ ነኝ» አለ።

ጎረምሳው ቀስ እያለ ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመረ። ሴትዮዋ ሳቀች። «አሁንስ አበዙት! አጎትነቱ አልበቃ ብሎ?» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽ ናቸው?»

ልጅቷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ለሌሎች ልጆች ሲመጡ አያቸዋለሁ» አለች። «ለእኔ መጥተው አያውቁም። ዛሬም የመጡት ለእሱ ነው።» ጎረምሳውን በአገጯ አሳየች።

ፀጉር አስተካካዩ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ልጁ የቀረችው እሱን ለማስመጣት እንደሆነ የገባው ገና አሁን ነበር።

«በይ ሂጂና እውነተኛ ወላጅ አምጪ» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎም ይውጡልኝ።»

ልጅቷ ወጣች። ከኋላዋ ተከተላት። ከሱቁ ደጅ ሰዎች «ኧረ ና፣ ስንጠብቅህ!» እያሉ ተጣሩ፤ አልዞረም። እሷ የግቢውን በር ተሻግራ መንገዱ ዳር ስትደርስ ቆመች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«አባዬ» አለችው፣ ገና አሁን ያገኘችው ይመስል፣ «ትምህርት ቤት ትፈለጋለህ።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ኮቱን ቆልፎ እጇን ያዘና አብረው ተመለሱ።