አገር ሰጥቼ መልስ ተከለከልኩ

የልጅ ልጄ ሮማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የፊልም ሥራ ትማራለች። ለፈተና የሠራችውን አጭር ፊልም አስተማሪዎቿ ካልወደዱላት ዓመቱን ልትደግም ነው። ስለዚህ አስቀድማ ለእኔ አሳየችኝ።

አንዲት ሴት ፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ጣቢያ ሻንጣ ታቅፋ ተቀምጣለች። ባቡር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አትሳፈርም። በመጨረሻ አንዲት ረጅም ኮረዳ ከባቡር ወረደች፤ ተቃቀፉ። አለቀ።

«ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?» አልኩ።

«እሱ ምስጢር ነው እማማ። ተመልካቹ ያስብበት።»

ደሜ ፈላ። ልጅ ሳለች አውቶቡስ ስንጠብቅ እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይናገራል። ደንቡ ይኸው ነው። እሷ ሌላ አገር ስለማታውቅ ሁልጊዜ «ሮማን ሰጠሁዎት» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሮማን ተቀብዬ መልሱን አልነፈግኳትም።

«አገሬን ወስደሽ መልሱን ዋጥሽው» አልኳት። «ይሄ ግፍ ነው!»

«አሎራ፣ እንግዲያውስ መጨረሻ ላይ ልክፈተው?»

«ክፈቺዋ!»

«ያኔማ ይቀዘቅዛል እማማ።»

ተኮራርፈን ሰነበትን።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊልሙ ሲጀምር ሴትዮዋ ገና ቤቷ ናት። አገር ቤት ትታት የመጣችውን የሕፃን ልጇን ፎቶ ሳመችና ሻንጣው ውስጥ ቀይ ጫማ አስቀመጠች። ጫማው መዳፍ አይሞላም። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደች።

መልሱን ወደ መጀመሪያው አምጥታዋለች! ሁሉን አውቄም ልቤ ከበፊቱ ይልቅ ተንጠለጠለ። ባቡር በመጣ ቁጥር ዓይኔ ትንሽ ልጅ ይፈልጋል። ያቺ ረጅም ኮረዳ ስትወርድ እናትየው ክው አለች። እጇ ግን ሳታስበው ወደ ሻንጣው ዚፕ ሄደ።

«አትክፈቺው አንቺ ሴት!» ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ ዞሮ አየኝ።

«እማማ፣ በእመቤቴ! ፈተና ላይ ነኝ እኮ!» አለች የልጅ ልጄ፣ ሳቋ እያመለጣት።

ሴትዮዋ ዚፑን ለቀቀች። ሻንጣውን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አድርጋ እጇን ዘረጋች። እኔ መጨረሻ ላይ ይከፈት ባይ ነበርኩ፤ እውነት ለመናገር ፍርዱ ለልጅ ልጄ ነው።

ከፊት የተቀመጡት ዋና አስተማሪ በጩኸቴ እንኳ አልዞሩም። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያን ሻንጣ ያዩ ነበር። ውጤቱ ሳይነገር ማለፏን ያወቅኩት ያኔ ነው።