የአሲድ አንድምታ

የአሞኒያ ጠርሙስ በከፈትሁ ቁጥር አፍንጫዬን የሚወጋው ሽታ ከቤተ ሙከራው አውጥቶ በልጅነቴ ወደ ተማርሁባት ከተማ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ያደርሰኛል። ከክፍላችን ጀርባ የበቅሎ ጋጣ ነበር። እርጥበት ሲበረታ ያው ሽታ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ እየገባ ዓይናችንን ያስነባን ነበር። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ በቤተ ሙከራው አብረሽኝ ስትሠሪ አይተሽ፣ ጠርሙሱን ይዤ ለምን ዝም እንደምል ስለ ጠየቅሽኝ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ከአጠገቤ የሚቀመጠው ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ፣ በእግሩ የመጣ ዲያቆን ነበር። መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው ሲማር ቆይቶ፣ ያንን አቋርጦ አስኳላ የገባ በመሆኑ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ልጆቹ "አባ አንድም" ይሉታል፤ በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ልማድ አንዱን ፍቺ ሲጨርስ "አንድም" ብሎ ሌላውን ያስከትል ነበርና። እሱ ግን አይቆጣም። "ስድባችሁ እንኳ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው፤ ምን ዓይነት ድሆች ናችሁ!" ይላቸዋል።

የሳይንስ አስተማሪያችን፣ አሲድ ማለት በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ፣ ቤዝ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ የሚለቅ ነው ብሎ ጻፈልን። ዲያቆኑ ከአጥር የለቀመውን ቀይ አበባ ጨምቆ፣ ወረቀት ነክሮበት አድርቆ ነበር። ወረቀቱ በሎሚ ደምቆ ይቀላል፤ በአመድ ውሃ አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ቀን ወረቀቱን አርሶ የጋጣው ሽታ በሚገባበት ስንጥቅ ላይ ያዘው። ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ።

"የኔታ፣" አለ፤ በቅኔ ቤት ልማዱ አስተማሪውን የሚጠራው እንዲሁ ነበር። "ይህ ሽታ አሞኒያ ነው ብለውናል። በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ብቻ ነውም ብለውናል። ታዲያ ሃይድሮክሳይዱን ከየት አምጥቶ ቤዝ ሆነ?"

አስተማሪው ከሣጥኑ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣ። "እኔም አልዘለቅሁት፤ እስቲ እናንተ ሞክሩት" ብሎ ለሁለታችን ሰጠን።

እንግሊዝኛው ለእኔ ይቀለኝ ነበር። እኔ እያነበብሁ እተረጉማለሁ፤ እሱ በቃሉ ይይዛል። የከሰዓቱ ብርሃን ከገጹ ላይ ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ እንቀመጥ ነበር። አሲድ ፕሮቶን፣ ማለት ያንኑ የሃይድሮጅን አዮን፣ ሰጪ፣ ቤዝ ደግሞ ተቀባይ ነው የሚለውን ባገኘንበት ቀን፣ አሞኒያ ፕሮቶኑን ከውሃ ትቀበላለች፣ ከውሃው የሚቀረውም ሃይድሮክሳይዱ ነው ብዬ ስነግረው ጉልበቱን በመዳፉ መታ።

"ውሃዪቱን እያት! ለአሞኒያ ትሰጣለች፣ ከአሲድ ትቀበላለች። እንግዲህ ብቻዋን ሳለች ስሟ አይታወቅም ማለት ነው፤ ከማን ጋር እንደ ቆመች መታየት አለበት።"

በግንቦት የትምህርት ተቆጣጣሪ በጂፕ መጣ። አዲስ አበባ ባለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ለእኛ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚመርጠውም ከሁለታችን ነው። አባቴ ቦታውን ካላገኘሁ እንደሚድረኝ ቁርጡን ነግሮኛል። ዲያቆኑም ይህን ያውቃል። እኔም እሱ ካልተመረጠ የሚመለስበት ጉባኤ ቤት እንደሌለው አውቃለሁ፤ የትርጓሜ መምህሩ አስኳላ በመግባቱ አዝነውበት ነበር።

ተቆጣጣሪው ካፖርቱን ሳያወልቅ በመጀመሪያ ዲያቆኑን አስነሣ።

"አሲድ ምንድን ነው?"

ዲያቆኑ እጁን አጣምሮ ቆመ። "አሲድ ማለት ጣዕሙ የሚኮመጥጥ ነው። አንድም፣ በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነው። አንድም፣ ለሌላው ፕሮቶን የሚሰጥ ነው፤ ይህስ እንደ ምን ነው ቢሉ..."

"በቃ፣ በቃ! ማኅሌት የቆምህ መሰለህ? አንዱን በል!"

"ጌታዬ፣ የኋለኛው የፊተኛውን አሰፋው እንጂ አልሻረውም። አንዱን ይዤ ሌላውን እንዴት እጥላለሁ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። "ይባርኩን፣ አባ አንድም!" አለ አንዱ ከኋላ። ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ፣ በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነው አልሁ።

"ሌላስ ትርጓሜ አለው?"

ዲያቆኑ ቀና ብሎ እያየኝ እንደሆነ ተሰማኝ። እኔ የማየው ጥቁር ሰሌዳውን ነበር።

"የለውም" አልሁ።

"ይኸው! ትምህርት ማለት ይህ ነው" አለና ስሜን ጻፈ። አስተማሪያችን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እሱም አልተናገረም።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ዲያቆኑ የዘረዘራቸውን ትርጓሜዎች፣ እሱ በዘረዘረበት ቅደም ተከተል፣ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አገኘኋቸው። ክረምት ሲመጣ ፈልጌው ሄድሁ። ወገዳ አጠገብ ካለ ደብር፣ ከግንቡ ጥግ ተቀምጦ ለሕፃናት ፊደል ሲያስቆጥር አገኘሁት። መምህሩ መልሰው አልተቀበሉትም ነበር።

"እንደምን ሰነበቱ፣ እሜቴ" አለኝ ተነሥቶ።

"አንቺ በለኝ እንጂ፤ እኔ እኮ ነኝ።"

አላለኝም። በመንገድ ሳሰላስለው የነበረው ንግግር ጠፍቶኝ፣ "ሦስቱም መጽሐፉ ላይ አሉ፤ ልክ ነበርህ" አልሁት።

"አውቃለሁ። እርስዎም ያን ቀን ያውቁ ነበር።"

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት በቀለለኝ። ሕፃናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዩን ጀመር። ንባባቸውን እንዲቀጥሉ በእጁ ጠቆማቸውና፣ "ከዚያስ ወዲህ ሌላ ተገኘ?" ሲል ጠየቀኝ።

ነገርሁት። አሲድ የኤሌክትሮን ጥንድ ተቀባይ፣ ቤዝ የጥንዱ ሰጪ ነው፤ በዚህ ትርጓሜ ሃይድሮጅን የሌለበት ነገር እንኳ አሲድ ይሆናል አልሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና አንዲት ቃል ሳያዛባ መለሰልኝ። ቀጥሎም ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "በፊተኛው ሰጪው አሲድ ነበር፤ በዚህኛው ሰጪው ቤዝ ሆነ" አለ። ከዚያ ወደ ሕፃናቱ ተመልሶ ተቀመጠ።

እኔ ያንን ትርጓሜ ለመያዝ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ መገልበጡንም አላስተዋልሁም ነበር። ይኸው በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ትርጓሜዎቹን ጽፌ ስጨርስ ፊቴን ወደ ተማሪዎቹ አዙሬ ጥቂት እጠብቃለሁ። እጁን አንሥቶ መገልበጡን የሚነግረኝ እስካሁን አልተገኘም።