ዳኛው ሳይናገር መብራት ጠፋ

አባቴ ቴሌቪዥን ላይ የሚጮኽ ሰው ነበር። ለኳስ ቢሆን አይገርመኝም፤ ለኳስ የማይጮኽ ማን አለ? እሱ ግን የሚጮኸው እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሚታይ የፈረንጅ ተከታታይ ድራማ ላይ ነበር፤ ያውም ቋንቋውን ሳይሰማ። እየመከረ፣ እየለመነ፣ ሲብስበት እየተሳደበ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን ሆዴ እያረረ ነበር የምስቀው፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ቤታችን መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወረድ ነበር። በዚያ መንደር ባለ ቀለም ቴሌቪዥን የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነው። አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርና የሥራ አመሉ ይሁን እንጃ፣ ለቴሌቪዥኑ መዝጊያና ቁልፍ ያለው ሳጥን አሠርቶለት ቁልፉን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ይዞራል። እናቴ "የቤቱ በር ተከፍቶ ቢያድር ግድ የለውም፤ ሳጥኑ ከተቆለፈ እንቅልፉን ይለጥጣል" ትለው ነበር። እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ሳጥኑ ይከፈታል። ጎረቤቱም ቆሎውንና በርጩማውን ይዞ ይመጣና ሳሎናችን እድር የተጠራበት ይመስላል።

ድራማው ከሥዕል መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ገና ሲጀምር የመጽሐፉ ገጾች ይገለጡና የተሳለው ሰውዬ ቀስ እያለ ነፍስ ዘርቶ እውነተኛ ሰው ይሆናል። እዚህ ላይ ከጎናችን የሚኖሩት ባልቴት በየሳምንቱ ያማትባሉ። "በስመ አብ! ሥዕል ተነሥቶ ሲሄድ አየን እኮ!" ይላሉ፤ ከዚያ ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ። ሰውዬው ቀን ቀን ጋራዥ ውስጥ ጎማ ቀያሪ ነው፤ ቱታው ግሪስ በግሪስ። ከተማው ላይ ክፉ ነገር ሲመጣ ግን ሰማያዊ ጭምብል አጥልቆ ከፎቅ ፎቅ ይዘልላል፣ ፍሬን የበጠሰ አውቶቡስ በእጁ ገትሮ ያቆማል። ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ ሁላችንም "ጭምብሉ" እንለዋለን። ታዲያ ጭምብሉ የአንድ ዳኛ ልጅ ይወዳል። ዳኛው ባለ ጭምብሉን ጋዜጣ ላይ ሲያይ "ወንድ ማለት ይሄ ነው!" ይላል፤ ጎማ ቀያሪው በር ላይ ሲቆም ግን እንደ ለማኝ ያባርረዋል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅማ! እኛ እናውቃለን፣ ልጅቷ ታውቃለች፣ እሱ ብቻ አያውቅም። መንደራችንን በሙሉ ያንገበገበው ይኸው ነበር።

የምተረጉመው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አንድ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩና "እንግሊዝኛ ታውቃለች" ተብዬ ከሳጥኑ አጠገብ መቀመጫ ዱካ ተሰጠኝ። አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ "ምን አለ? ምን አለ?" ይሉኛል። ዝም ብለው ሲሳሳሙ እንኳ "አሁንስ ምን አሉ?" ይሉኛል። ምን አሉ ልበል!

ባልቴቷ ጭምብሉን ብዙም አይወዱትም ነበር። "በየጣሪያው ሲዘልል የሚውል ሰው ምን ሠርቶ ያበላታል?" ይላሉ። አባቴ ይነሣል። "እንዴት ምን ያበላታል? ጎማ ይቀይራል አይደለም እንዴ! ሠርቶ ማደር ነውር ነው?" ከዚያ ጣቱን ወደ ዳኛው ይቀስራል። "አንተ ደንቆሮ! ልጅቷ ወደደችው፤ ምን ቤት ነህ አንተ? ስጠውና ገላግላት!" ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ጎረቤቱም "እውነቱን ነው! እውነቱን ነው!" ይላል።

የኔ ሆድ የሚያርረው ያኔ ነው። ምክንያቱም እኔም ወድጄ ነበር፤ የወደድኩትም የታክሲ ሹፌር ነው።

ከመካኒሳ ሜክሲኮ ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው በሰልፍ ተጋፍቶ እያለ ረዳቱ "ጋቢና ተይዟል!" ብሎ ይጮኻል። "ለማን?" ብለው ይቆጣሉ። ለኔ ነዋ! ክረምት ሲሆን ደግሞ የጫማዬን ጭቃ የምጠርግበት ንጹሕ ጨርቅ መቀመጫው ላይ አጥፎ ያስቀምጥልኛል። ሁለት ክረምት ሙሉ ከ"እንደምን አደርሽ" ብዙም ያለፈ ነገር ሳይናገረኝ ያንን ጨርቅ በየቀኑ አጥቦ ያመጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አለመውደድ ትችላላችሁ? እኔ አልቻልኩም።

አባቴ ግን ቻለ። "ሹፌር?" አለ ልንጋባ መስማማታችንን ከእናቴ ሲሰማ፤ ቃሉን እንደ መራራ ነገር ነው የተፋው። "የሹፌር ልቡ በየፌርማታው ነው። ልጄን ለመሪ ጨባጭ አልሰጥም!" ይህን ባለ በማግስቱ እሑድ ነበር፤ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳኛውን ደንቆሮ አለው። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። አባቴ አልሰማም፤ ወይም አልሰማሁም አለ።

ልጁ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነበሩ፤ አንድ መርጌታ፣ አባቴ ደፍሮ እምቢ እንዳይል ተብሎ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ዋናው ደግሞ ከሀና ማርያም ወዲያ ከድሮ ጀምሮ የሚያርሱ ሽማግሌ፣ የልጁ አያት ወንድም። ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አባትም ቢፈልግ ባይፈልግ በመጀመሪያው ቀን ይመልሳቸዋል፤ ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም። በሁለተኛው "ከዘመድ ልምከር" ይላል። ሦስተኛው ቁርጥ ነው፤ በሦስተኛው እምቢ ከተባለ ሽማግሌ ሌላ ደጅ ይሄዳል እንጂ ወደዚያ ቤት አይመለስም።

ሁለቱ አልፈዋል። ለሦስተኛው አባቴ እሑድ አሥር ሰዓት ቀጠራቸው፤ "ድራማው ዘጠኝ ተኩል ያልቃል" ብሎ አስልቶ ነው። ቅዳሜ ማታ ለእናቴ "ነገ ቁርጡን ነግሬ እሸኛቸዋለሁ" ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ያ እሑድ ደግሞ የጭምብሉ የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቀን ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሳሎኑ ከወትሮው ይልቅ ሞልቷል። ሳጥኑ ሲከፈት ጉድ ሆንን፤ አንድ የማያልቅ ስብሰባ በቀጥታ እየተላለፈ ነው። ስምንት ተኩል አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ፤ ሰውየው ገና "በመጨረሻም" እያለ ይናገራል። አባቴ ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ያያል። ጭራሽ አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል የመጽሐፉ ገጾች መገለጥ ጀመሩ፤ ባልቴቷ አማተቡ፤ በሩ ተንኳኳ።

ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ አክባሪ ናቸው፣ ምን ይደረግ! አዛውንቱ ገበሬ ቦት ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። አባቴ ብድግ አለ። "ኑ አባቶቼ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ፤ ዓይኑ ግን ከሳጥኑ አልተነሣም።

"እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አሉ መርጌታው፤ ሦስቱም ቆሙ። የቆሙበትን ቦታ ልንገራችሁ፤ ሌላ ክፍት ቦታ ስለሌለ ልክ ከቴሌቪዥኑ ፊት ነው።

"ኧረ ዘወር በሉልን!" አለ ሕዝቡ።

"አባቶቼ፣ ሽምግልናው የትም አይሸሽም" አሉ ባልቴቷ፤ "ጭምብሉ ግን ዛሬ ማለቁ ነው!"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ወደ ግድግዳው ተጠግተው እንደቆሙ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። አባቴ "ይህች ትለቅና እንነጋገራለን" አለ። እኔም ቁርጤ በሚነገርበት ቀን ዱካዬ ላይ ተቀምጬ መተርጎሜን ቀጠልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰው ግን በጭምብሉ አዝኜ መሰለው።

ትንሽ ቆይቶ አዛውንቱ ገበሬ "ይሄ ቱታ የለበሰው የማን ልጅ ነው?" ብለው ጠየቁ። ማን ቢመልስላቸው ጥሩ ነው? አባቴ! አጠገባቸው ሄዶ ቆመና ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አስረዳቸው። ጎማ ቀያሪ መሆኑን፣ ልጅቷ መውደዷን፣ አባትዬው ሥራውን ብቻ አይቶ መናቁን። "ሰውን በሥራው ይንቃል አባባ!" ይላል እጁን እያወናጨፈ፤ "ልቡን አይቶ አያውቅም! አንድ ቀን አስቀምጦ አነጋግሮታል? አላነጋገረውም!" አዛውንቱ ጢማቸውን እየዳሰሱ "እህ... እህ..." ይላሉ። የመጡበትን ጉዳይ የረሱ ነው የሚመስሉት። እኔ ቀና ብዬ እናቴን አየሁ። እናቴ በነጠላዋ ውስጥ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነው።

መጨረሻው ደረሰ። ጎማ ቀያሪው ጭምብሉን ቤቱ ትቶ በግሪስ ቱታው ዳኛው በር ላይ ቆመ። ልጅቷ ከአባቷ ኋላ ቆማለች። "የምደበቅበት ነገር የለኝም፤ ያለሁት ይኸው ነኝ። ልጅዎን እወዳታለሁ" አለ። ተረጎምኩ። ከሳሎኑ ቆሎ የሚቆረጥም እንኳ ጠፋ። ዳኛው ጎማ ቀያሪውን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ዞር ብሎ ልጁን አያት፤ አፉን ከፈተ።

መብራት ጠፋ።

አቤት የዚያን ቀን ጩኸት! "ኡኡ" ያለው ብዛቱ፣ መብራት ኃይልን የረገመው ብዛቱ! አባቴ ሳጥኑን በጥፊ መታው፣ ማብሪያውን አበራ አጠፋ፤ ወይ ፍንክች። ጩኸቱ ሲበርድ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ እስካሁን እንደቆሙ ሁላችንም ያስታወስነው።

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ያ አባት ምን አለ?"

"ሳይናገር ጠፋ አባባ" አልኳቸው።

"እህ" አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። "እሱስ መብራት ጠፋበት። እርስዎ ግን አልጠፋብዎትም፤ ሲያስረዱኝ ሰምቻለሁ። እንግዲህ እዚህ ያለው አባት ይናገርልን። ልጃችን ልጅ ይሁንዎ።"

የአባቴ ጆሮ ቲማቲም መሰለ። "የኛው እኮ... ሹፌር ነው" አለ።

"ሠርቶ ማደር ነውር ነው?" አሉ ባልቴቷ ከኋላ። የአባቴን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነው ያሉት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእድሩ ሰብሳቢ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቁ።

አባቴ አልሳቀም። ከዚያ በወጉ የሌለ ነገር አደረገ፤ ሽማግሌ ፊት ልጅ አይጠየቅም፣ እሱ ግን ወደ ዱካዬ መጥቶ ጎንበስ አለ። "እስከ ዛሬ የሰው ስትተረጉሚልኝ ከረምሽ" አለኝ ቀስ ብሎ፤ "እስቲ ደግሞ ያንቺን ንገሪኝ።"

ያን ሁሉ እሑድ ቃል ያልጠፋኝ ሴትዮ ያኔ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጫማዬን የምጠርግበት ጨርቅ በየቀኑ አጥቦ ያመጣልኛል" አልኩ። "እወደዋለሁ አባዬ።"

አባቴ ቀና አለ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ ሽማግሌዎቹን አየ።

"ተቀመጡ" አለ። "ሰጥቻለሁ።"

እልልታው ዝናቡን ዋጠው። አዛውንቱ ገበሬ ግድግዳውን እየደገፉ ባልቴቷ በለቀቁላቸው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና "እግዜር ይስጥልን፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ጉልበቴ ከዚያ ዳኛ በፊት መልስ ይሰጥ ነበር" አሉ።

መብራቱ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ቢሮ ስገባ ብስራተ ገብርኤል የምትኖረው ባልደረባዬ የእነሱ ሰፈር መብራት እንዳልጠፋ ነገረችኝና መጨረሻውን አወራችልኝ። ማታ ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ምን የለ። "ሰማሽ? ምን አለ ሰውየው? ሰጠው?"

"አልሰጠውም አባዬ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት። ልጅቷ ናት በጓሮ በር ወጥታ አብራው የሄደችው።"

"ዘጋበት?"

"ዘጋበት።"

ያን ያህል የተሳደበበት ዳኛ ነውና ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ። አልተሳደበም። ቆሞ አሰበ፣ አሰበ፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። "እንግዲያው እኔ እበልጠዋለሁ" አለ። ወደ ጓዳው ዞሮ ደግሞ፣ ያን አስፋልት ድረስ የሚሰማ ድምፁን አውጥቶ፣ እናቴን ተጣራ። "ሰማሽ ወይ? ከዳኛው እበልጣለሁ!"