በግድግዳችን ላይ የነበሩት የከሰል ነጥቦች

ጣሊያን ከሉማሜ አለፍ ብሎ መንገዱ ዳር በሰፈረበት ክረምት፣ መንደራችን ውስጥ ተቅማጥ ገባ። ባለቤቴ የድጓ መምህር ነበሩ። የሚታመመው የታችኛው መንደር ሰው መሆኑ ከነከናቸውና በነጭ አፈር በተለሰነው ግድግዳችን ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ፤ አንዱን ከምንጭ ለሚቀዱ፣ አንዱን ከወንዝ ለሚቀዱ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በሳምንቱ ለታመመው ሰው ሁሉ አንዳንድ ነጥብ በከሰል ያኖራሉ፤ የአንዱ ሳምንት ነጥብ በነጥብ ላይ ይደረባል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ከጎኑ ይጀመራል።

ፊደል ባልቆጥርም ነገሩ ገባኝ። የምንጩ ነጥቦች አልፎ አልፎ ነበሩ፤ የወንዙ ግን እንደ ክምር ከፍ እያለ ሄደ። ከምንቀዳበት ወደ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ የጣሊያን ሰፈርና የበቅሎዎቹ ማደሪያ ነበር፤ ቆሻሻው ወደ ውሃው ይወርዳል። ሰዉ ወንዙን ትቶ ወደ ምንጩ መውጣት ሲጀምር ክምሩ ዝቅ አለ።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ በሌሉበት አንድ የጣሊያን መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር ቤታችን ገባ። የጠቆመ ሰው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ አስተርጓሚው። «መኪኖቻችንን እየቆጠራችሁ ለሽፍታ ትነግራላችሁ?»

በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ የተወሰደ የጎረቤት መንደር ሰው አልተመለሰም ነበር።

«የበሽተኛ ነው ጌታዬ። አንዱ ነጥብ አንድ ሰው ነው።»

«ይሄኛው ለምን በዛ?»

እውነቱን ብናገር እነሱን መክሰስ ሆነ፤ ዝም ብልም የምደብቀው ነገር ያለ መሰለ።

«እነዚህ ከወንዙ የሚጠጡት ናቸው። እነዚያ ከምንጩ። እዚህ ላይ ደግሞ ወንዙን ስንተው እንዴት እንደቀነሰ ይዩት» አልሁ።

አስተርጓሚው ትንሽ አመነታና ነገረው። መኮንኑ ግድግዳውን ትኩር ብሎ አየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ወታደሮቻችንም ታመዋል። ምንጩ የት ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

በእጄ አሳየሁት። ወጥተው ሄዱ። ባለቤቴ መጥተው የሆነውን ስነግራቸው፣ «አንቺን ካልወሰዱብኝ ይሁን» አሉኝ።

በማግስቱ ምንጩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ባንዳ ቆመ። እንስራችንን አዝለን፣ የእነሱ በቅሎዎች ውሃ ጭነው እስኪሄዱ እንጠብቅ ጀመር። አንዳንድ ቀን ውሃው ደፍርሶ ይቆየናል። በመጨረሻ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት አሮጊት ጎረቤቴ በቅሎዎቹን ቀድመው ሄዱና እንስራቸውን ከምንጩ ሥር አስቀመጡ። ባንዳው ጮኾ ጠመንጃውን ደገነባቸው።

«ልጄ፣ ውሃ ነው የምቀዳው» አሉት፣ ቀና ብለው ሳያዩት።

እኔም ከኋላቸው ቆምሁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ባንዳው ወደ ሰፈሩ ዞር ብሎ አየና ጠመንጃውን አወረደ። ከዚያ ወዲያ በቅሎዎቹ ሳይመጡ እኛ መጀመሪያ እንቀዳ ነበር።